ለከብት የደረሰው ቅዝቃዜ ለሕፃናት ፊትም ይድረስ

በጣና ዙሪያና በደጋው አገር የምታስተምሩ መምህራን ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስል ሳታዩት አትቀሩም። በጉንጭ፣ በአፍንጫ ወይም በጆሮ ላይ እንደ ትንሽ እብጠት ይጀምራል፤ ቀስ በቀስ ይሰፋል፤ ቅርፊት ያበጃል፤ ወራት ቢያልፉም አይሽርም። እምብዛም ስለማያም ወላጆች ቸል ይሉታል። ዳሩ ግን የሚተወው ጠባሳ ዕድሜ ልክ በፊት ላይ የሚኖር ነውና ጉዳቱ ከቆዳ አልፎ ልብ ድረስ ይዘልቃል።

የዚህ ደዌ ምክንያቱ እርግማንም ቡዳም አይደለም። ሌይሽማንያ የሚባል በዓይን የማይታይ ተሐዋሲ ነው። በአገራችን ለዚህ ቁስል ዋነኛ መነሻ የሆነው ዓይነት እ.ኤ.አ. በ1973 ሌይሽማንያ ኤቲዮፒካ ተብሎ ተሰይሟል። ተሐዋሲውን በገደልና በዋሻ የሚኖረው ሽኮኮ ይሸከመዋል፤ ከወባ ትንኝ ያነሰችው የአሸዋ ዝንብም ከሽኮኮው ደም ስትመጥ ተቀብላ ወደ ሰው ታስተላልፈዋለች። ስለዚህ እንደ ጋይንት ባሉ ገደላማ የደጋ አገሮች ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ግምት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 ሰዎች በዚህ ቁስል እንደሚያዙ ያስረዳል።

ለዚህ ቁስል ካሉት ሕክምናዎች አንዱ ኃይለኛ ቅዝቃዜ ነው። ከምንተነፍሰው አየር ከመቶ 78 እጁ ናይትሮጅን ነው፤ ይህ አየር በመሣሪያ ሲቀዘቅዝ ፈሳሽ ይሆናል፤ ቅዝቃዜውም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ይደርሳል። ሐኪሙ ፈሳሹን በጥጥ ነክሮ ወይም በመርጫ ቁስሉ ላይ ያሳርፋል፤ ቁስሉና ዙሪያው እንደ በረዶ እስኪነጣ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ሲሟሟም ይደግመዋል። ተሐዋሲውን ያቀፈው ሥጋ ይሞታል፤ በስፍራውም አዲስ ሥጋ ይተካል። በአዲስ አበባ በአለርት፣ በደሴ አጠገብም በቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሕሙማን በዚህ መንገድ ታክመዋል።

ሌላው ሕክምና፣ ማለት የአንቲሞኒ መርፌ፣ ብዙ ጊዜ በየቀኑ እስከ 28 ቀን የሚወጋ ሲሆን ልብንና ጉበትን ሊጎዳ ስለሚችል ጥብቅ ክትትል ይሻል። ቅዝቃዜ ግን የሚነካው ቁስሉን ብቻ ነው። ሆኖም ለሁሉ አይሆንም። ለጥቂትና ለትናንሽ ቁስሎች ይበጃል፤ ቁስሉ ወደ አፍንጫና ወደ አፍ ውስጥ ከገባ ወይም በሰውነት ሁሉ ከተሠራጨ መርፌ ወይም ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። ደግሞም የቆዳን ቀለም ሊያነጣ እንደሚችል ለታማሚው አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።

እንግዲህ ችግሩ ምንድን ነው? ቅዝቃዜው በየሳምንቱ ወይም በየሁለት ሳምንቱ ይደጋገማል፤ የሚሰጠው ደግሞ በጥቂት ሆስፒታሎች ነው። ከደጋ የወረደ ገበሬ ልጁን ይዞ ለአውቶቡስና ለማደሪያ እየከፈለ ስድስት ጊዜ ይመላለስ ዘንድ እንዴት ይቻለዋል? ሁለት ጊዜ መጥቶ ይቀራል፤ ቁስሉም ከነተሐዋሲው ይከርማል።

«ፈሳሹ ቶሎ ስለሚተን ወደ ገጠር አይወሰድም» የሚሉ አሉ። ይህን ምክንያት አልቀበለውም። የግብርና መሥሪያ ቤት የከብት አዳቃዮች የኮርማ ዘር የሚጠብቁት በዚሁ ፈሳሽ ናይትሮጅን ነው፤ እንደ ትልቅ ፔርሙዝ ባለ ዕቃ አድርገው ገበሬው መንደር ድረስ ያደርሱታል። ጥጃ እንዲወለድ ገደል የሚሻገር ቅዝቃዜ የሕፃን ፊት እንዲድን ጤና ጣቢያ መድረስ ሊያቅተው አይገባም። የግብርናና የጤና መሥሪያ ቤቶች ፈሳሹን ቢካፈሉ፣ በሽታው በሚበዛባቸው ወረዳዎችም አንድ አንድ የጤና ባለሙያ ለዚሁ ቢሠለጥን፣ የሐኪም ቤቱ ደጅ ለገበሬው ይቀርባል።

«ቁንጭር በራሱ ይሽራል» የሚሉም አልታጡም። እውነት ነው፤ ብዙው ከጊዜ በኋላ ይሽራል። ነገር ግን ዓመታት ሊወስድ ይችላል፤ በዚያ መካከል ልጁ ከጓደኞቹ ይሸሻል፤ ልጃገረዲቱም ፊቷን በነጠላ ትሸፍናለች። አንዳንዱ ዓይነት ደግሞ በራሱ ከቶ አይሽርም፤ መልኩም ሥጋ ደዌ ስለሚመስል ታማሚው ያለ ምክንያት ይገለላል።

መሥሪያ ቤቶች የየድርሻቸውን እስኪሠሩ ድረስ መምህራን ልትፈጽሙት የምትችሉት ሥራ አለ። ከአንድ ወር በላይ ያልሻረ ቁስል በተማሪያችሁ ፊት ላይ ባያችሁ ጊዜ ወላጆቹን አስጠርታችሁ ገና ትንሽ ሳለ ወደ ሐኪም እንዲወስዱት ምከሩ፤ ጸበል የሚጠመቅም ቢሆን ሕክምናውን እንዳይተው አስረዱ። በጋለ ብረት መተኮስ ጠባሳን ያብሳል፤ የማቀዝቀዣ በረዶም ተሐዋሲውን አይገድልም። በአንድ ወንበር አብሮ በመቀመጥ አይተላለፍምና ልጁን ከክፍል አታስወጡት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ላልደበቀው መድኃኒቱን ማቅረብ ግን የእኛ የጤና ሠራተኞች ዕዳ ነው።