ዘፋኝነት ኃጢአት ነው፤ ማጥናትስ?

በዩኒቨርሲቲ የምትማሩ የቤተ ክርስቲያናችን ወጣቶች፣ ዛሬ ልሟገታችሁ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ስትመርጡ “የአካባቢዬ የሰርግ ጭፈራ” የሚል ሐሳብ መጥቶላችሁ “እኔ እኮ አማኝ ነኝ” ብላችሁ ትታችሁት ከሆነ፣ ሙግቱ ከእናንተ ጋር ነው። ከአዴት፣ ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የመጣችሁ ደግሞ ይበልጥ ስሙኝ።

አቋሜ አጭር ነው። አማኝ ተማሪ የአገሩን እስክስታ ማጥናት ይችላል፤ ትምህርቱ ከሆነ ደግሞ ይገባዋል። “ዓለማዊ ነው” ብሎ መሸሽ ሁልጊዜ ቅድስና አይደለም፤ አንዳንዴ ስንፍና ነው።

መጀመሪያ ወደ ቃሉ እንሂድ። ብዙዎቻችን የምንጠቅሰው ገላትያ 5፥21ን ነው። በ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ከስካር ቀጥሎ “ዘፋኝነት” ተጽፏል። የግሪኩ ቃል “ኮሞስ” ነው፤ ጠጥቶ እየጮኹ በሌሊት መንገድ ለመንገድ መዞርን፣ ልቅ ፈንጠዝያን ያመለክታል። ያው የአማርኛ ትርጉም ግን ዳዊት በታቦቱ ፊት ያደረገውንም “መዝፈን” ይለዋል (2ኛ ሳሙኤል 6)። የጠፋው ልጅ ሲመለስ ከአባቱ ቤት የወጣውም የዘፈን ድምፅ ነበር (ሉቃስ 15)፤ ከደጅ ቆሞ የተቆጣው ታላቅ ወንድሙ ነው። አንድ የአማርኛ ቃል ሁለት የተለያየ ነገር ተሸክሟል ማለት ነው። ይህን ሳንለይ “ዘፈን” የሚል ፊደል ባየንበት ሁሉ በር መዝጋት ቃሉን ማክበር አይደለም።

ስካሩን፣ ዝሙቱን፣ ገዳይነትን የሚያሞግሰውን ፉከራ ቃሉ ይከለክላል፤ እኔም አልሟገትለትም። የምለው ሌላ ነው፦ ማጥናት ማድረግ አይደለም። ሉቃስ ወንጌሉን የጻፈው ነገሩን ከመጀመሪያው በጥንቃቄ ተከታትሎ እንደሆነ ራሱ በመግቢያው ይናገራል። ጳውሎስ በአቴና ከመስበኩ በፊት ከተማውን ዞሮ የሚያመልኩትን ተመለከተ፤ ባለቅኔዎቻቸውንም ያውቅ ነበር። ሕዝቡን ሳያዩ ስለ ሕዝቡ መናገር ከሐዋርያት አልተማርነውም።

አሁን ወደ አዴት። የአዴት ልጅ የግብርና ምርምር ማዕከሉን ያውቃል፤ ጤፍና ስንዴ እዚያ ዝርያ በዝርያ ይፈተሻል። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1976 የዘር ባንክ ተቋቁሞ ከየገበሬው ጎተራ ዘር ተሰበሰበ። ሰብሳቢው “ይህ ገብስ ለጠላ ነው የሚውለው” ብሎ አልጣለውም። ዘሩ ከጠፋ አይመለስማ! የአያቶቻችን ትከሻ ግን ጎተራ የለውም። የሰርጉን ዘፈን የምታወጣው፣ በለቅሶ ረገዳውን የምትመራው እናት ስታርፍ፣ ያልተቀረጸው ሁሉ አብሯት ይቀበራል።

እ.ኤ.አ. በ1965 ሁለት የሃንጋሪ ተመራማሪዎች፣ ጊዮርጊ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ፣ የኢትዮጵያን ጭፈራና ሙዚቃ ሊያጠኑ መጡ። ማርቲን በ1967 ስለ ጭፈራችን ዓይነቶች ጽሑፍ አሳተመ። ሌላው ሃንጋሪያዊ ቲቦር ቫዳሲ ከ1970 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ተከታታይ ጽሑፎች አወጣ። ከቡዳፔስት የመጣ ሰው ያጠናውን፣ አዴት ተወልዶ ያደገ ልጅ ከአያቱ ደጅ ማጥናት ይፈራል? ቋንቋውን ያውቃል፤ “እማማ፣ በእናንተ ጊዜ እንዴት ነበር?” ብሎ ቢጠይቅ አስተርጓሚ አያሻውም።

ግን የምትጽፉ ከሆነ በቅጡ ጻፉ። “የጎጃም እስክስታ ትከሻንና ደረትን ያንቀሳቅሳል” ማለት ጥናት አይደለም፤ ይህን ማንም ያውቀዋል። እንቅስቃሴው የሚነሣው ከየት ነው? ጭብጨባው ከትከሻው ጋር ይገጥማል ወይስ ይቀድማል? ወንዱና ሴቷ ወደ መሐል የሚገቡት እንዴት ነው? ማሲንቆ ያለበት ሰርግና ከበሮ ብቻ ያለበት ሰርግ በምን ይለያሉ? አዴት የታየው ቡሬም ይታያል? ልጆቹ በስልክ የሚያዩት ክሊፕ ምን ለወጠ? መድረክ ይህን አይመልስላችሁም። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ጭፈራችንን በመድረክ ማየት ለምደናል፤ መድረክ ግን ያሳጥራል፣ ያሰልፋል። ብዙ ጊዜ “ጎጃም” ተብሎ የሚቀርብልን አረንጓዴ ቁምጣ፣ ዱላና የጥቂት ደቂቃ ሩጫ ነው።

ስትቀርጹ ሙሉ ሰውነት ይግባ፤ እግሩን አትቁረጡ። ቀኑን፣ ቀበሌውን፣ የጭፈራውን ምክንያት መዝግቡ። ከሁሉ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፤ ቅጂውንም ለባለቤቶቹ መልሱ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2006 ያጸደቀችው የ2003ቱ የዩኔስኮ ስምምነት ባህሉን በመጠበቅ ሥራ የባህሉ ባለቤቶች እንዲሳተፉ ይጠይቃል። ለእኛ ግን ከስምምነቱ በፊት የተሰጠን ትእዛዝ አለ፤ ባልንጀራን መውደድ። ከሌላ ተማሪ ወረቀት ገልብጦ ስምን መለጠፍም እስክስታ ከመውረድ የከፋ ኃጢአት ነው፤ አትስረቅ ተብሏልና። መንገዱ ሰላም በማይሆንበት ጊዜ ደግሞ አትድፈሩ፤ ከተማ ያሉትን አዛውንት ጠይቁ።

“ውሎዬ ይጎትተኛል” የሚል አለ። ድካምህን ታውቃለህና አትሂድ፤ ሮሜ 14 ሕሊናህን ያከብራል። ያንተን ሕሊና ግን ለእኅትህ ሕግ አታድርገው። “ለመስበክ በር ይከፍታል” የሚልም አለ። ለጥናት ብለህ ገብተህ ስብከት ብታወጣ፣ ያመነህን ሰው ሸውደሃል። ተስፋህን ከጠየቁህ በየዋህነት መልስ፤ ካልጠየቁህ አዳምጥ። “ጥናት ነው” እያለ ሰርግ ለሰርግ ጠጅ የሚያሳድደውንም ጌታ ያየዋል።

ለወጣት መሪዎችም አንድ ቃል አለኝ። አንዲት እኅት “የአገሬን ጭፈራ ላጠና ነው” ስትላችሁ ለንስሐ አትጥሯት። መጀመሪያ ምን ልትጠይቅ እንዳሰበች ስሙ። ከዚያ ጸልዩላትና ላኳት፤ ስትመለስም ያገኘችውን ለኅብረቱ ታንብብ። ስለ ጎረቤቶቻችን ደስታና ለቅሶ ከሳምንታት ስብከት ያልተማርነውን ትነግረን ይሆናል።