ሽሯችንም ከቤት ይውጣ

ባለፈው ዓርብ ረፋድ ላይ ልጄ የልጅ ልጆቼን ይዛ መጣችና «አባዬ፣ ዛሬ አብረን ሹቅ እንውጣ» አለችኝ። ተያይዘን ቴል አቪቭ፣ ሹቅ ሃካርሜል ደረስን። ሕዝቡ እንደ ጉንዳን ይርመሰመሳል፤ የጥብሱና የቅመሙ ሽታ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ልጄ የካሽሩት ወረቀት የተሰቀለበት ሱቅ ፈልጋ ለሁላችንም ሳቢኽ ገዛች። ፒታው ውስጥ የተጠበሰ ደበርጃን (ሐጺሊም)፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ ጠሒና እና ዓምባ የሚሉት ቢጫ የማንጎ ማባያ አለበት።

እኔ ፒታውን እንደያዝኩ ዙሪያዬን አየሁ። «የት ቁጭ ብዬ ልብላው?» አልኳት። «አባዬ፣ ይኼ እኮ ቆሞ ነው የሚበላው» ብላ ሳቀች። ትንሹ የልጅ ልጄ ጠሒናው እጅጌው ላይ እየተንጠባጠበ ግማሹን ጨርሶታል። እኔ ግን አግዳሚ ወንበር እስክናገኝ ድረስ አልቀመስኩትም። እጄን ታጥቤ፣ ባርኬ፣ ተቀምጬ ስበላው እውነቱን ልናገር፣ በጣም ጣፈጠኝ።

ይህ የእኔ ብቻ ጠባይ እንዳልሆነ አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ። ያደግነው ምግብ በገበታ ዙሪያ ተቀምጦ፣ እጅ ተታጥቦ፣ ታላቅ ባርኮ በሚበላበት ቤት ነው። መንገድ ላይ እያኘከ የሚሄድ ሰው «አሳዳጊ የበደለው» ይባል ነበር። እናቶቻችንም የማን እጅ እንደሠራው የማያውቁትን ምግብ አይነኩም ነበር። ይህ ወግ መልካም ወግ ነው፤ እኔም አልተውኩትም። ዛሬ የምጽፈው ግን ይኸው ወግ ሳናስበው የልጆቻችንን እንጀራ እየዘጋ ስለሆነ ነው።

ወንበሩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ልጄ ቀስ ብላ «አባዬ፣ እኔም ፉድትራክ ልከፍት እያሰብኩ ነው፤ ሽሮና ምስር በእንጀራ ጠቅልዬ ልሸጥ» አለችኝ። እኔም ሳላስብ «ይህን ያህል ያስተማርኩሽ ጎዳና ላይ ወጥ ልትሸጪ ነው?» አልኳት። ዝም አለች። እስከ ቤት ድረስ ሌላ ነገር አላነሳችም። ያን ቃል ከተናገርኩ ወዲህ ግን ውስጤ ሰላም አላገኘም።

ምክንያቱም የበላሁት ሳቢኽ ራሱ መልስ ሆኖብኛል። ሳቢኽ የኢራቅ አይሁዶች የሰንበት ጠዋት ቁርስ ነበር። ደበርጃኑ ዓርብ ይጠበሳል፤ እንቁላሉ ሌሊቱን ሙሉ በዝግታ ሲበስል አድሮ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ሰዎቹ በ1950ዎቹ ዓመታት ወደዚህ አገር ሲመጡ ብዙዎቹ የኖሩት በማዓባራ፣ በድንኳንና በቆርቆሮ ቤት ነው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይ ግን ያ የቤት ቁርስ ራማት ጋን ውስጥ ፒታ ውስጥ ገብቶ መንገድ ላይ መሸጥ ጀመረ። ዛሬ ሳቢኽ የማይሸጥበት ከተማ የለም። የየመን አይሁዶችም እንዲሁ ሌሊቱን በምድጃ የሚያድረውን ጃኽኑን ለሰንበት ይሠሩ ነበር፤ አሁን በየመንገዱ ከተፈጨ ቲማቲምና ከስሑግ ጋር ይሸጣል። ፈላፌል ከዚህ አካባቢ ዐረቦች የተወረሰ ምግብ ነው፤ እዚህ አገር በየመንገዱ እንዲስፋፋ ካደረጉት መካከል ግን የየመን ስደተኞች ይገኙበታል። ከቱኒዝያ የመጡት ፍሪካሴን፣ ከጆርጂያ የመጡት ኻቻፑሪን አምጥተዋል።

የእነዚህ ሁሉ እናቶች ምግብ ከቤት ወጥቶ የከተማው ምግብ ሆነ። የበላው ሰውም ስለ ሕዝቡ ጠየቀ፤ ቤተሰብም ኖረበት። የእኛስ? በእርግጥ እንጀራ የሚያቀርቡ ምግብ ቤቶች አሉን፤ ባለቤቶቹ ምስጋና ይገባቸዋል። በመንገድ ምግብ ግን ገና ጥቂት ነን። አገር ቤት ሳለን ለሰንበት እሳት ስለምናጠፋ ሌሊት የሚያድር ወጥ አልነበረንም፤ ቀዝቃዛ ዳቦ በልተን ሰንበትን እናከብር ነበር። የሥራ ቀን ምግባችን ግን ለመንገድ የተመቸ ነው። ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ድንች ሥጋም ወተትም የሌለባቸው ፓርቬ ናቸው። ሥጋና ወተት የማይበላው ወጣት ሁሉ የሚፈልገው ይህንኑ ነው።

ደግሞስ የመንገድ ምግብ አናውቅም ማለት እንችላለን? ወደ ሱዳን በእግራችን ስንወጣ የያዝነው ምን ነበር? በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ አይደለም? ቆመን፣ እየሄድን፣ በጨለማ በልተነዋል። እዚህ ያደረሰን ስንቅ ነው። ታዲያ ያን ያልናቅን ሰዎች የልጆቻችንን ፉድትራክ ለምን እንንቃለን?

አንዳንድ ወላጅ «ልጆቻችን በጽዳትና በጥበቃ ሥራ ደክመዋል፤ እኛ የምንፈልገው ተምረው ቢሮ እንዲገቡ ነው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ እኔም ያልኳት ይህንኑ ነው። ነገር ግን የሰው ቤት ማጽዳትና የራስ ንግድ መክፈት አንድ አይደለም። በትምህርቷ ሒሳብ የምትይዝና ውል የምታነብ ልጅ ሽሮ ብትሸጥ ትምህርቷ አልባከነም፤ እንዲያውም የሚያስፈልጋት ያኔ ነው። ያም ሆኖ ሥራው ቀላል ነው ብዬ ማንንም አላታልልም። ዝናብ አለ፣ ገበያ የሚጠፋበት ቀን አለ፣ ዕዳ አለ። ስለዚህ ወላጅ ማፈሩን ትቶ መጠየቁን ይያዝ።

መጀመሪያ የሚጠየቀው «ፉድትራኩ የት ይቆማል?» ነው። በ1968 በወጣው የንግድ ፈቃድ ሕግ መሠረት ምግብ ለመሸጥ፣ በመኪናም ቢሆን፣ ፈቃድ (ሪሻዮን ዔሴቅ) ያስፈልጋል። ስለዚህ መኪና ከመግዛት በፊት ዒሪያ ሄዶ መጠየቅ ይገባል። ቀጥሎ በማስ ሃኽናሳ፣ በማዓምና በቢቱዋኅ ሌዑሚ መመዝገብ አለ። ለአነስተኛ ንግዶች ምክር የሚሰጡ የማዖፍ ማዕከላት አሉ፤ ልጆቻችሁ ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት እዚያ ይሂዱ። እናንተም «ዋስ ሁኑን» ስትባሉ የማታነቡትን ወረቀት አትፈርሙ። ዓሬቭ የሆነ ሰው ልጁ መክፈል ሲያቅተው ዕዳው ወደ እሱ ይመጣል። ለልጅ መደገፍና ቤትን ለአደጋ መስጠት ይለያያሉ።

ሁለተኛው ሐቀኝነት ነው። ጤፍ ግሉተን የለውም፤ ስለዚህ ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች እንጀራን በደስታ ይፈልጉታል። ሆኖም ብዙዎቻችን ጤፉን ከስንዴ ወይም ከገብስ ዱቄት ጋር እንቀላቅላለን። እንዲህ ያለውን እንጀራ «ንጹሕ ጤፍ» ብሎ መሸጥ ሰው ያሳምማል። የተቀላቀለ ከሆነ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

እኛ በላተኞችም መብታችንን እንወቅ። በ1981 የወጣው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ዋጋ በግልጽ እንዲጻፍ ያዛል፤ ዋጋ ሳታዩ አትዘዙ፤ ደረሰኝም ጠይቁ። «ኮሸር ነው» የሚል ቃል ብቻ አይበቃም። በ1983 በወጣው የካሽሩት ማታለልን የሚከለክል ሕግ መሠረት ንግዱን በጽሑፍ ኮሸር ብሎ ማቅረብ የሚችለው ሥልጣን ካለው አካል ወረቀት ያገኘ ነው። ስለዚህ የንግዱን ስምና የሚያበቃበትን ቀን አንብቡ። ዕብራይስጥ ካቃታችሁ የልጅ ልጆቻችሁ ያንብቡላችሁ፤ ይህ ለእነሱም ትምህርት ነው።

በዕረፍት ወራት የልጅ ልጆቻችን በፈላፌልና በሸዋርማ ሱቆች ይሠራሉ። ዕድሜ በመጀመሪያ ይታይ፤ ልጅ መሥራት የሚችለው ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው፤ ከ14 ዓመት የሚፈቀደው በትምህርት ዕረፍት ጊዜና ለቀላል ሥራ ነው። «ዛሬ ለሙከራ ነው፣ አንከፍልህም» ቢባል ትክክል አይደለም፤ የሙከራ ቀንም የሥራ ቀን ስለሆነ ይከፈላል። በየወሩ ትሉሽ ይሰጠዋል። የሠራበትን ሰዓት ማታ ማታ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ እናንተም ዓይታችሁ አስቀምጡት። ነገ ልጆቻችን ፉድትራክ ሲከፍቱም ለሚቀጥሩት ሰው ይህንኑ ያድርጉ።

እኔ እሑድ ዕለት ለልጄ ደወልኩላት። «ያን ቀን የተናገርኩት ትክክል አልነበረም፤ አስቢበት፣ ዒሪያም አብሬሽ እሄዳለሁ» አልኳት። መልሳ ዝም ስትል እያለቀሰች መሆኑ ገባኝ። እኔም ነገሩን ለማቅለል «ሽሮውን ግን ወፈር አድርጊው፣ እጅጌ ላይ እንዳይንጠባጠብ» አልኳት። ደግሞ አንድ ነገር ጨመርኩ፦ መኪናው አጠገብ ሁለት ሦስት ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ውኃ ታስቀምጥ። ሽማግሌ ቆሞ አይበላም።