“የውስጥ መመሪያ” የሚሉት መንፈስ

ባለፈው ሰሞን የሟች ወንድሜን ባለቤት ይዤ ከአዲስ አበባ ውጪ ባለች አንዲት የክልል ከተማ ወደሚገኝ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ጉዳዩ የቤታቸው ካርታ በስማቸው እንዲዞር ነው። የወራሽነት ማስረጃው ከፍርድ ቤት ወጥቷል፤ ግብሩም ተከፍሏል። ሦስተኛ ቀጠሯቸው ነበር።

“እማማ፣ አይቻልም። አዲስ መመሪያ ወርዷል” አላቸው ወጣቱ ሠራተኛ።

“ምን ይላል የኔ ልጅ?”

“ለጊዜው ታግዷል ነው የሚለው።”

እኔ ጣልቃ ገባሁና “እስቲ መመሪያውን አሳየን” አልኩት። ቀና ብሎ አየኝ። “ጋሼ፣ የውስጥ መመሪያ ነው። ለባለጉዳይ አይሰጥም።”

ወይ ጉድ! ባለጉዳዩን የሚያስር፣ ለባለጉዳዩ ግን የማይታይ መመሪያ!

ድሮ አዋጅ ሲወጣ ገበያ መሐል ነጋሪት ይጎሰም ነበር። የሰማው ላልሰማው እያሰማ ይሄዳል። በ1934 ዓ.ም. መታተም የጀመረው ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን የወረሰው ከዚያው ከበሮ ነው። እንግዲህ ያኔ ፊደል ያልቆጠረ ገበሬ የሚሰማውን ሕግ፣ ዛሬ ዲፕሎማ የያዘ ከተሜ ከመሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል።

ሕግ የለም እንዳንል ሞልቷል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ ይሁን ይላል። የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ ጠያቂው ለምን እንደፈለገው የማስረዳት ግዴታ የለበትም ብሎ፣ ለመልሱ 30 ቀን ይሰጣል። እምቢ ከተባለ አቤቱታው ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ይሄዳል። ከሁሉ የሚገርመው አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ነው፤ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ። መመሪያ ሲረቀቅ ሕዝብ አስተያየት ይስጥበት፤ ካልተመዘገበና በድረ ገጽ ካልወጣ ተፈጻሚ አይሆንም ይላል።

ታዲያ ምን ቀረ? ትላላችሁ። ችግሩ ያለው “የፌዴራል” የምትለዋ ቃል ላይ ነው። ለመሆኑ ተራው ሰው ፌዴራል መሥሪያ ቤት በዓመት ስንቴ ይሄዳል? መሬቱ፣ ካርታው፣ የልደት ወረቀቱ፣ የልጁ ትምህርት ቤት ያሉት ክልልና ወረዳ ዘንድ ነው። ሥልጣን ወደ ሕዝቡ ይቅረብ መባሉን እኔም እደግፋለሁ። ግን ሥልጣኑ ወረዳ ሲደርስ ግልጽነቱ መንገድ ላይ ቀረ! ክልሎች የየራሳቸውን ተመሳሳይ ሕግ ማውጣት፣ አውጥተናል የሚሉም እስከ መጨረሻዋ መስኮት ማድረስ አለባቸው።

“አሠራር እያዘመንን ነው” የሚሉን አያጡም። ቢፒአር መጣ፤ ግድግዳ ላይ የዜጎች ቻርተር ተለጠፈ፤ በሚያዝያ 2017 ደግሞ አዲስ አበባ ላይ “መሶብ” የተባለው የአንድ ማዕከል አገልግሎት ተከፈተ። ጥሩ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ ማለት ነውር አይደለም። ነገር ግን ያልታየ መመሪያ ኮምፒዩተር ውስጥ ቢገባ ያው ያልታየ መመሪያ ነው። ድሮ “ፋይሉ ጠፍቷል” ነበር የምንባለው፤ አሁን “ሲስተም የለም” ሆነ። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው?

በዚያ ወጣት አልፈርድም። ደመወዙ የቤት ኪራዩን እንኳ እንደማይሸፍን ፊቱ ይናገራል። መመሪያውን ቢያሳየን “ማን ፈቀደልህ?” የሚለው አለቃ አለበት፤ ባያሳየን ግን ማንም አይጠይቀውም። ደግሞ ልብ በሉ፣ የማይታይ መመሪያ ለደላላ ሠርግ ነው። ከግቢው ሳንወጣ አንዱ ተጠግቶ “እሱ መመሪያ እኮ ይታለፋል” አለን፤ ዋጋውንም ነገረን። እሱ መመሪያውን አንብቦት ይሆን?

በማግስቱ “የመመሪያው ቅጂ ይሰጠን” ብለን ማመልከቻ ጻፍን። የመዝገብ ቤቷ ልጅ አንብባ ሳቀች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶላት አያውቅም። ቢሆንም ቁጥር ሰጥታ ማኅተም መታችልን። ዛሬ 12ኛ ቀናችን ነው። እትዬ ቅጂውን በላስቲክ ጠቅልለው ከወንድሜ ፎቶ ኋላ አስቀምጠውታል።