ጥፋቱ የመዝገቡ ትልቅነት ነውን?

የፈተና ውጤት በሚለቀቅበት ምሽት እነዋሪም እንደ ሌሎቹ ከተሞች እንቅልፍ ታጣለች። ተማሪው የምዝገባ ቁጥሩን በስልኩ ላይ ደጋግሞ ይጽፋል፤ ወላጅ ከኋላው ቆሞ ያያል፤ ገጹ ግን አይከፈትም። በማግሥቱ የሚሰማው ምክንያት ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ «ተፈታኙ በዛ፣ መረጃው ከበደ» ይባላል። ይህን ምክንያት አልቀበለውም።

በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የወሰዱት ተማሪዎች ወደ 900 ሺህ ይጠጉ ነበር። የአንዱ ተማሪ ስም፣ ቁጥር፣ ትምህርት ቤትና ውጤት 500 ባይት ይፈጃል እንበል። (በዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ የላቲን ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ ይሁንና ስሙ በአማርኛ ቢጻፍም 500 ይበቃል።) ድምሩ 450 ሜጋባይት ነው። ይህ በተራ የእጅ ስልክ ላይ የሚቀመጥ መጠን ነው።

ዋናው ጥያቄ መረጃው እንዴት ይፈለጋል የሚለው ነው። የመረጃ ቋቱ ማውጫ ከሌለው አንድን ቁጥር ለማግኘት በአማካይ 450 ሺህ መስመር ማንበብ ግድ ይላል። ተፈታኞች ሁሉ አንዳንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቁ እንኳ ንባቡ ከ400 ቢሊዮን መስመር ይበልጣል። ተፈታኙ እጥፍ ሲሆን ሥራው አራት እጥፍ ያድጋል። እዚህ ላይ የመዝገቡ ትልቅነት በእርግጥ ይጎዳል። ማውጫ ሲኖር ግን ነገሩ ሌላ ነው። መዝገበ ቃላት የሚገልጥ ሰው መሐሉን ከፍቶ፣ የሚፈልገው ቃል ከፊት ወይም ከኋላ መሆኑን አይቶ ግማሹን ይተዋል። 900 ሺህ መስመር እንዲህ እየተከፈለ ቢፈለግ ከ20 እርምጃ አያልፍም። 1.8 ሚሊዮን ቢሆንስ? 21 እርምጃ ነው። ሩዶልፍ ባየርና ኤድዋርድ ማክራይት እ.ኤ.አ. በ1972 ያሳተሙት «ቢ-ትሪ» የተባለው ማውጫ ደግሞ በየገጹ ብዙ ቁልፎችን ይይዛል። በአንድ ገጽ 200 መንገድ ቢኖር 3 ገጽ በማንበብ ከ8 ሚሊዮን መስመሮች አንዱን መለየት ይቻላል።

መጠን የሚከብድበት ሌላም ቦታ አለ። መረጃው ከኮምፒውተሩ ዋና ማኅደረ ትውስታ ሲተርፍ ወደ ዲስክ መሄድ ያስፈልጋል። በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ዲስክ አንዱን ዙር በ8.3 ሚሊሰከንድ ይጨርሳል። ዋናው ማኅደረ ትውስታ ግን በ100 ናኖሰከንድ ገደማ ይመልሳል። ልዩነቱ በአሥር ሺዎች እጥፍ የሚቆጠር ነው። ነገር ግን 450 ሜጋባይት ከዚህ ወሰን በጣም ሩቅ ነው።

ታዲያ ማውጫው እያለም ገጹ የሚቆመው ለምንድን ነው? በወረፋው ነው። ሰርቨሩ በሰከንድ 1,000 ጥያቄ ቢመልስና 900 ሺህ ሰው በአንድ ቅጽበት ቢመጣ፣ የመጨረሻው ሰው 15 ደቂቃ ይጠብቃል። እርሱ ግን አይጠብቅም፤ በየ10 ሰከንዱ እንደገና ይጫናል፤ እያንዳንዱ መጫን አዲስ ጥያቄ ሆኖ ወረፋውን ያረዝማል። ውጤቱ ከድረ ገጹ ሌላ በአጭር መልእክትና በቴሌግራም መሰጠቱ መልካም ነው፤ በሮቹ ሁሉ ወደ አንድ ጓዳ የሚያስገቡ ከሆነ ግን ትርፉ ጥቂት ነው። በአንድ ሌሊት የማይለወጥ ውጤትን በየጥያቄው ከቋት መፈለግስ ለምን ያስፈልጋል? የየተማሪው ገጽ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ በምዝገባ ቁጥሩ የመጨረሻ አሃዝ ለ10 ሰርቨሮች ቢከፋፈል 15ቱ ደቂቃ ወደ 90 ሰከንድ ይወርዳል።

ይህን ሁሉ የኮምፒውተር ተማሪዎቻችን በክፍል ይማሩታል። የመመረቂያ ሥራቸውን ሲያቀርቡ ግን ብዙዎቹ 50 መስመር ባለው መዝገብ ሞክረው ይመጣሉ። በ50 መስመር ማውጫ ያለውም የሌለውም እኩል ይሮጣል። እኛ መምህራንም በቋታችሁ 1 ሚሊዮን የፈጠራ መስመር ሞልታችሁ አሳዩን ብለን አንጠይቅም፤ ያን የሚሞላው ፕሮግራም ግን ከአሥር መስመር አይበልጥም።