ደቦ ተመልካች የለውም

ነሐሴ አጋማሽ ላይ የፎገራ ሜዳ ግማሹ ውኃ ነው። ርብና ጉማራ ከአፍ እስከ ገደፋቸው ሞልተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ዋልካው እግር ከያዘ አይለቅም። ከጥቂት ዓመታት በፊት እንዲህ ባለ አንድ ጠዋት ከወረታ ወጣ ብዬ ከአንድ የሩዝ ማሳ ዳር ቆሜ ነበር። ሃያ የሚሆኑ ሴቶችና ወንዶች በደቦ ወጥተው፣ በአንድ መስመር ጎንበስ ብለው አረም ይነቅላሉ። ከመካከላቸው ነጠላዋን ወገቧ ላይ ያሰረች አንዲት ሴት ቀና ሳትል ዜማ ታወርዳለች፤ መስመሩ ሁሉ ይቀበላል። ግጥሙ እዚያው የሚፈጠር ነው፤ የበረታውን ታሞግሳለች፣ ወደኋላ የቀረውን ትነካካለች፣ ባለማሳውን ምሳው እንዳይዘገይ ታሳስባለች። ዜማው ሲፈጥን እጁም ይፈጥናል።

ማስታወሻ ደብተሬን አውጥቼ መጻፍ ስጀምር ከመስመሩ ጫፍ ያሉ አንድ አባት ቀና አሉ። «ልጄ፣ ቆመህ አትየን፤ ወይ ንቀል ወይ ተቀበል» አሉኝ።

ስለ ባህልና ስለ ሕዝብ በዓላት ባሰብኩ ቁጥር የእኒህ አባት ቃል ይመጣብኛል።

ወረታ የመንገድ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚሄደው መኪና ያልፍባታል፤ ወደ ደብረ ታቦር፣ ወደ ጋይንትና ወደ ወልዲያ የሚወስደው መንገድም የሚገነጠለው ከእሷ ነው። ጥር ላይ ሰዉ ለጥምቀት ወደ ጎንደር ይጎርፋል፤ ነሐሴ 13 ቀን ደግሞ ለቡሄ ወደ ደብረ ታቦር ይወጣል። ፎገራን ግን በመኪና መስኮት አይቶ ነው የሚያልፈው። የሜዳው ልጆችም ቢሆኑ «ባህላችሁን አሳዩን» ሲባሉ የሌላ አገር ስም ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ይህ ያሳዝነኛል፤ ፎገራ ባዶ እጁን አይደለምና።

ሩዙን እንኳ እንይ። ሩዝ ለዚህ ሜዳ የአያት ቅድመ አያት እህል አይደለም። በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ካስተዋወቁት ወዲህ ነው የተስፋፋው፤ ኤክስ ጅግና የሚባለው ዝርያም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ሜዳ ከጅግና ቀበሌ ነው። ቀድሞ ክረምቱን ውኃ ተኝቶበት የሚከርመው መሬት ዛሬ ሩዝ ያበቅላል። እህሉ ከእንጀራው፣ ከጠላውና ከአረቄው ገብቷል፤ ገለባው ስመ ጥሩውን የፎገራ ከብት ይቀልባል። ሩዙ ከተነሣ በኋላ በቀረው እርጥበት ጓያና ሽንብራ ይዘራል። ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ገበሬው አዲሱን እህል በጥንቱ ዜማ መቀበሉ ነው። በጤፉና በዳጉሳው ማሳ ሲያወርድ የኖረውን ዜማ ይዞ ውኃ ውስጥ ገባ፤ ስለ ሩዙም ግጥም ፈጠረለት። ባህል ሕይወት ያለው መሆኑ የሚታወቀው እንዲህ ሲሆን ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ለውጥ እየመጣ ነው። ፀረ አረም ኬሚካሉና የመውቂያ ማሽኑ ወደ ማሳውም ወደ አውድማውም እየገቡ ነው። ይግቡ እላለሁ። ቀኑን ሙሉ በውኃ ውስጥ ጎንብሶ የዋለ ወገብ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ሰው ድካሙ ባለበት ይቅር አይልም። ነገር ግን የሥራ ዜማ ቤቱ ሥራው ነው። ሃያ ሰው የሚነቅለውን አረም አንድ ሰው መድኃኒት በጀርባው አዝሎ ከረጨው አውራጇ ለማን ታወርዳለች? ማን ይቀበላታል? ዜማው ሌላ ቤት ካልተሠራለት ሜዳ ላይ ይቀራል። በዓል ያንን ቤት መሆን ይችላል፤ መሆንም አለበት።

የቤቱ አሠራር ግን ይለያያል። በአንድ ከተማ በተዘጋጀ የባህል ቀን ላይ ተገኝቼ አውቃለሁ። አዳራሹ በሰንደቅና በፖስተር አሸብርቋል፤ ከሌላ ከተማ የመጣ የተቀጠረ ቡድን አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ በድምፅ ማጉያ ይጨፍራል። የአካባቢው ገበሬዎችና እናቶች፣ የዜማው ባለቤቶች፣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ያጨበጭባሉ። የራሳቸውን ነገር ሰው ሲሠራላቸው ያያሉ። ንግግሩ ረዘመ፣ ምሳ ተበላ፣ ተበተንን። በማግስቱ ከዚያ ቀን የቀረ ነገር አልነበረም።

ከዚያ ይልቅ እንጅባራን እዩ። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል፤ ለአገር ነጻነት የተዋደቁትን አርበኞችና ፈረሶቻቸውን ያስባል። በዚያ ቀን ሜዳውን የሚሞላው ፈረሰኛ ፈረሱን ዓመቱን ሙሉ ራሱ ያበላና ራሱ ያሰለጠነ ገበሬ ነው። በዋግ ሻደይን፣ በላስታ አሸንድዬን፣ በቆቦ ሶለልን የሚጫወቱትም ልጃገረዶቹ ራሳቸው ናቸው። እንግዳ ቢመጣ እሰየው፤ ባይመጣም በዓሉ አይቀርም።

ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። በሃዋይ ደሴት ላይ ሂሎ የምትባል የወደብ ከተማ አለች። እ.ኤ.አ. በ1960 ከባሕር የተነሣ ማዕበል መታት፤ 61 ሰዎች ሞቱ፣ ገበያዋም ተዳከመ። በ1998ና በ2012 ዓ.ም. ክረምት ቤቱን ጎርፍ ያስለቀቀው የፎገራ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። የሂሎ ሰዎች ከተማቸውን ለማንሣት እ.ኤ.አ. በ1964 በንጉሥ ካላካዋ መታሰቢያነት ሜሪ ሞናርክ የሚባል ፌስቲቫል ጀመሩ። ካላካዋ በአንድ ወቅት በአደባባይ ተከልክሎ የነበረውን ሁላ የሚባል ጥንታዊ ውዝዋዜ በዘመኑ ወደ ክብሩ የመለሰ ንጉሥ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፌስቲቫል ግን ንጉሡን በጢም የመምሰል ውድድርና የመሳሰለው ነበር፤ ብዙ ሳይቆይ ቀዘቀዘ። ነፍስ የዘራው ዶቲ ቶምሰንና ጆርጅ ናኦፔ የተባሉ ሰዎች ወደ ሁላው ራሱ ሲመልሱት፣ እ.ኤ.አ. በ1971ም የሁላ ውድድር ሲጀመር ነው። ዛሬ ተወዳዳሪዎቹ ለአንድ ሳምንት በዓል ወራት ሙሉ ከመምህሮቻቸው እግር ሥር ቁጭ ብለው ዜማውን፣ ቋንቋውንና ታሪኩን ይማራሉ። እንግዳውም የሚመጣው ይህንን ፈልጎ ነው።

ለፎገራ የምመኘው እንዲህ ያለ ቀን ነው። ሩዙ ተወቅቶ ሲያበቃ፣ ከጥምቀት በፊት ወይም ማግስት፣ አውድማው ላይ የሚውል የአዝመራ ቀን። መድረክ አያስፈልገውም። አውራጆቹ ከየቀበሌው ይምጡ፤ ተማሪዎች ከእነሱ ተምረው ተቀባይ ይሁኑ። የፎገራ ላምና በሬ በባለቤቱ ተመርቆ ይቅረብ። የሩዝ እንጀራውን፣ ጠላውን እናቶች ያሰናዱ። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ መጀመር የሚቻል ሥራ አለ፦ ስልክ በእጁ ያለ የሜዳው ወጣት ሁሉ የእናቱን ድምፅ ይቅዳ፤ ግጥሙን ከእሷ ጠይቆ ይጻፍ።

ይህ ሁሉ ሰላም እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ያለፉት ዓመታት ግጭት በክልላችን ብዙ አደባባይ ጭር አድርጓል፤ ብዙ ሰው ሐዘን ላይ ተቀምጧል። ሆኖም ዜማ ሰላም እስኪመጣ አይጠብቅም፤ የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነውና። ሰላም ሲመጣ የምናወርደው እንዳናጣ እፈራለሁ።

የዚያን ቀን ደብተሬን ዘጋሁ፤ ጫማዬን አውልቄ፣ ሱሪዬን ጠቅልዬ ወደ ውኃው ገባሁ። አረሙን ከሩዙ ለመለየት አጠገቤ ያለች ልጅ አስተማረችኝ። መቀበሉን ከመስመሩ ጋር ሆኜ ለመድሁት። ከምሳ በኋላ አውራጇ ስሜን ጠይቃ በግጥሟ አስገባችው፤ ሃያው ሰው በአንድ ድምፅ ተቀበላት።