ነጋዴና የመኖሪያ ቤቱ፤ ስለ አዘዞና ስለ ሌሎች ነባር መንደሮች

በከተማችን በጎንደር ነጋዴዎች በተገናኙበት ሥፍራ ሁሉ ከዕቃ ዋጋና ከምንዛሪ ወሬ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ የመኖሪያ ቤት ጥያቄ ነው። አንዱ በፒያሳ አካባቢ የተገኘውን ቤት በተጠየቀው ዋጋ ልግዛው ይላል፤ ሌላው ከከተማው ዳር ከገበሬ ላይ ርካሽ ቦታ አግኝቻለሁ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ልጆቹን ይዞ ከኪራይ ወደ ኪራይ ሲዘዋወር ዓመታት ያልፉበታል። ነገሩ የየግል ጉዳይ ቢመስልም በእውነቱ የንግድ ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ነጋዴ ቤት የሚገዛበት ገንዘብ ብዙ ጊዜ ዕቃ ከሚገዛበት ካዝና የሚወጣ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው አሳብ አንድ ነው። ይኸውም መካከለኛ ሀብት ያለው ነጋዴ ለቤተ ሰቡ ቤት ሲሻ፣ ከመካከል ከተማው ውድ ቤትና ሰነድ ከሌለው የዳር አገር ርካሽ ቦታ ይልቅ፣ ሰው ለምዶ የኖረበትን፣ ወረቀቱ የተሟላውንና ዋጋው ከአቅም የማያልፈውን ነባር መንደር ቢመርጥ ይጠቀማል የሚል ነው። ለዚህም አዘዞን ዋና ምሳሌ አድርገን እናቀርባለን።

አስቀድሞ ቤት መግዛት ማለት ምን ማለት እንደ ሆነ መለየት ያሻል። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ንብረት አደረገ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥና እንዳይለወጥ ደነገገ። ስለዚህ ገዢ የሚገዛው ቤቱን ነው፤ ከቤቱም ጋር በቦታው የመጠቀም መብት ይተላለፍለታል እንጂ አፈሩ የራሱ አይሆንም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ደግሞ በነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ለሦስተኛ ወገን ሲተላለፍ፣ ተቀባዩ ቦታውን በሊዝ ሥሪት እንዲይዝ አዘዘ፤ የመኖሪያ ቦታ የሊዝ ዘመንንም 99 ዓመት አድርጎ ወሰነ። ይህን ሳያውቅ የቤቱን ዋጋ ብቻ ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚሄድ ገዢ ያላሰበው ወጪ ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ምርጫዎቹን በየተራ እንመልከት። የመጀመሪያው የመካከል ከተማው ቤት ነው። ጣሊያኖች ከ1928 እስከ 1934 ዓ.ም. በቆዩበት ዘመን የሠሩት ፒያሳና ዙሪያው ዛሬም የጎንደር የንግድ እምብርት ነው። ከዚህም የተነሣ በዚያ አካባቢ የግል የሆነ ቤት ለሽያጭ ሲቀርብ ዋጋው የሚተመነው ሱቅ ሊሆን እንደሚችል ተቆጥሮ ነው። ቤተ ሰቡን ሊያኖርበት የሚገዛው ሰው የሱቅ ዋጋ ከፍሎ መኝታ ቤት ይገዛል ማለት ነው። በዚህም ላይ ፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ስለ ተመዘገበ፣ በቅርሱ ዙሪያ ማፍረስና ማስፋፋት ፈቃድና ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ልጅ ሲወለድ አንድ ክፍል ልጨምር ለሚል አባወራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። አንድ ነጋዴ ገንዘቡን በዓመት 4 ጊዜ ያዘዋውራል፣ በእያንዳንዱም ዙር 5 በመቶ የተጣራ ትርፍ ያገኛል እንበል። ይህ ሰው ከንግዱ ያወጣው እያንዳንዱ 100,000 ብር በዓመት 20,000 ብር ትርፍ ያስቀርበታል። በመካከል ከተማ ቤትና በአዘዞ ቤት መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት 1,000,000 ብር ቢሆን፣ ነጋዴው ለቅርበትና ለስም ሲል በየዓመቱ 200,000 ብር ይከፍላል ማለት ነው። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል የቀረበ ነው፤ እያንዳንዱ አንባቢ መዝገቡን ገልጦ የራሱን ቁጥር ይተካበት።

ይህ ሒሳብ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይበልጥ ከብዷል። የምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 1 የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። የ100,000 ዶላር ዕቃ ለማስመጣት 5,700,000 ብር ገደማ ይበቃው የነበረ አስመጪ ከ10,000,000 ብር በላይ አስፈለገው። ገንዘብ ሲረክስ ቤት ዋጋውን ይጠብቃል የሚሉ ወገኖች አሉ፤ አባባላቸውም እውነትነት አለው። ነገር ግን ቤት ዋጋውን ቢጠብቅም በተፈለገ ቀን አይመነዘርም። ከመተማና ከቋራ ሰሊጥ የሚሰበስብ ላኪ ጥሬ ገንዘብ እጅግ የሚያስፈልገው አዝመራው በሚገባባቸው ጥቂት ሳምንታት ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት ገንዘቡ በግድግዳና በጣሪያ ተይዞ ቢገኝ ገበያው ቆሞ አይጠብቀውም።

ሁለተኛው ምርጫ የዳር አገሩ ርካሽ ቦታ ነው። በሽማግሌ ፊት በተጻፈ ወረቀት ከገበሬ የሚገዛ የእርሻ መሬት በሕግ ፊት ሊሸጥ የሚችል ነገር አይደለም። በዚያ ላይ በሌሊት የሚቆመውን ቤት ሕዝቡ ራሱ የጨረቃ ቤት ብሎታል፤ ስሙ ብቻውን ማስጠንቀቂያ ነው። እንዲህ ያለው ቤት ካርታ የለውም፤ ካርታ ስለሌለውም ባንክ በመያዣነት አይቀበለውም፤ የከተማው ፕላን በደረሰበት ጊዜ ካሣ መጠየቅ ያስቸግራል። ቤቱ ሲፈርስ የሚጎዳው ባለቤቱ ብቻ እንዳይመስለን። ዕቃ በዱቤ የሰጠው አከፋፋይ፣ ዋስ የሆነው ወዳጅና ደመወዝ የሚጠብቀው ሠራተኛ ሁሉ አብረው ይጎዳሉ። የአንድ ነጋዴ መውደቅ የሌሎችንም ሱቅ ሳይነካ አይቀርም።

ሦስተኛው መንገድ ነባሩ መንደር ነው። አዘዞ ከመካከል ከተማው ወደ ደቡብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜዳው ላይ የተቀመጠ ነው። ብዙ ሰው እንደ ከተማው ጭራ ይቆጥረዋል፤ በዕድሜ ቢመዘን ግን ታላቅ ነው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን በ1628 ዓ.ም. ሲቆረቁሩ፣ አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩት የአዘዞው ገነተ ኢየሱስ አስቀድሞ ቆሞ ነበር። ዛሬ የዐፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ በዚያው ነው፤ ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ በዚያ ያልፋል፤ ወደ መተማና ወደ ሱዳን የሚወስደውም መንገድ ከዚያ ይገነጠላል። ስለዚህ ጭነት የሚያስመጣና የሚልክ ነጋዴ በአዘዞ ቢኖር ከሥራው ራቀ አይባልም፤ እንዲያውም መንገዱ ደጁ ድረስ ይመጣለታል።

ለቤተ ሰብ ያለው ጥቅም ደግሞ ከዚህ ይበልጣል። በአዲስ ሰፈር ቤቱ ይቀድማል፤ ትምህርት ቤቱ ልጁ ካደገ በኋላ ይደርሳል። በነባር መንደር ግን ትምህርት ቤቱ፣ ጤና ጣቢያው፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ ገበያውና ወፍጮ ቤቱ ገዢውን ቀድመው ተተክለው ይጠብቁታል። ነጋዴ ከቤቱ ርቆ የሚያድር ሰው ነው፤ ዛሬ መተማ፣ ነገ አዲስ አበባ ይሆናል። እርሱ በሌለበት ሌሊት ልጅ ቢታመም ደርሶ በር የሚያንኳኳው ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የተባለውም ስለዚህ ነው። እድሩና ማኅበሩ ከጸና መንደር ቤት የገዛ ሰው፣ በገበያ ዋጋ ያልተተመነ ሀብት አብሮ ያገኛል።

የአዘዞን ጉድለት ግን መደበቅ አይገባም። የመጀመሪያው ርቀቱ ነው። የመመላለሻ ኪራዩ በወር ተደምሮ ከላይ ከተጠቀሰው ሒሳብ ላይ መቀነስ አለበት። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በደረሰው ግጭት ምክንያት የማታ ጉዞ ያስቸገረባቸው ጊዜዎችም ነበሩ። ስለዚህ ሱቁን አምሽቶ የሚዘጋ ባለሱቅ በእግር ወደ ቤቱ የሚገባበትን በከተማው ውስጥ ያለ ነባር ሰፈር ቢፈልግ ይሻለዋል፤ ምክራችን የሚስማማው ይልቁን ለአስመጪና ለላኪ፣ ሥራውንም በቀን ለሚጨርስ ነጋዴ ነው። ሁለተኛው ጉድለት የውኃ ነገር ነው፤ የውኃ እጥረት የመላው ከተማ ችግር ስለሆነ ገዢው ቧንቧ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ውኃው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ከጎረቤት ይጠይቅ።

ሦስተኛው አፈሩ ነው። በአዘዞና በጠዳ ሜዳማ ሥፍራዎች የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ መሠረቱ ያልጠለቀውን ቤትም ይሰነጥቃል። በዚህ ረገድ ነባር ቤት ከአዲስ ቤት ይልቅ ለገዢው ታማኝ ነው። አዲስ ቤት ጉዳቱን በቀለም ይሸፍናል፤ ብዙ ክረምት ያሳለፈ ቤት ግን ጉዳቱን በግድግዳው ላይ ጽፎ ያሳያል። ስለዚህ ቤቱን ከመስከረም በፊት በዝናቡ ወራት ማየት፣ የበርና የመስኮት ማዕዘኖችን መመርመር፣ አንድ ግንበኛም ይዞ መሄድ ይጠቅማል።

ቤቱ ከተመረጠ በኋላ የሚቀረው የሰነዱ ነገር ነው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል፤ በአንቀጽ 2878 ደግሞ ሽያጩ በማይንቀሳቀስ ንብረት መዝገብ ካልተጻፈ በሦስተኛ ወገን ላይ መቃወሚያ እንደማይሆን ይናገራል። እንግዲህ ገዢ ቀብድ ከመክፈሉ በፊት ካርታው በሻጩ ስም መሆኑን፣ በመሬት ላይ ያለው ስፋት በካርታው ላይ ካለው ጋር መስማማቱን፣ ግብሩ መከፈሉን፣ ቤቱም በባንክ ዕዳ ወይም በፍርድ ቤት እግድ ያልተያዘ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ያረጋግጥ። ሻጩ ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስት ሁለቱም ይፈርሙ፤ ቤቱ የውርስ ከሆነ ወራሾቹ ሁሉ ይስማሙ። ሻጩ በውጭ አገር ያለ ወገን ሆኖ በወኪል የሚሸጥ ከሆነ፣ ውክልናው ቤት ለመሸጥ በግልጽ ሥልጣን የሚሰጥ መሆኑ ይታይ። የቴምብር ቀረጡን፣ የስም ማዛወሪያውንና የሊዙን ወጪ ማን እንደሚከፍልም በውሉ ላይ ይጻፍ።

ስለ ገንዘቡ አከፋፈል አንድ ቃል እንጨምር። በአጭር ጊዜ የንግድ ብድር ቤት መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው፤ ብድሩ የተሰጠው ዕቃ ተሸጦ እንዲመለስ ነው፤ ቤት ግን አይሸጥም። በአገራችን የቤት ብድር በባንክ ሲሰጥ የቆየ ነገር ነው፤ በ1968 ዓ.ም. የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቁሞ ነበር፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ በቤት ብድር ላይ ያተኮረው ጎህ ቤቶች ባንክ ሥራ ጀምሯል። ነጋዴው የረጅም ጊዜ ብድር የሚያገኝበትን መንገድ ከየባንኮቹ ጠይቆ ይመርምር፤ ይህ ካልተቻለውም ከየዓመቱ ትርፍ ለቤት ብሎ በለየው ሒሳብ ያጠራቅም እንጂ የዙሩን ገንዘብ አይንካ።

በመጨረሻም ለሁለት ወገኖች ያለንን አሳብ እንገልጻለን። የከተማው አስተዳደር የቤት ስም ዝውውርንና የይዞታ ምዝገባን ቢያፋጥን፣ ነባር መንደሮችንም ውኃና የማታ ማመላለሻ ባያሳጣ፣ ሰው ወደ ጨረቃ ቤት የሚሄድበት ምክንያት ይቀንሳል። የንግድ ምክር ቤቶችም አባሎቻቸው ቤት ከመግዛታቸው በፊት ሰነዱን የሚመረምርላቸው የሕግ ባለሙያ ቢያዘጋጁ፣ ወጪው ለአንድ ሰው ትንሽ፣ ጥቅሙም ለሁሉም ብዙ ይሆናል። ነጋዴ ዕቃ ሲገዛ ናሙና አይቶ፣ ሚዛን ፈትሾ፣ ደረሰኝ ተቀብሎ ነው። የዕድሜ ልክ ቤቱን ሲገዛ ከዚህ ያነሰ ጥንቃቄ ማድረግ አይገባውም።