ሕፃኑ ለምን ይበረግጋል?



በአየር ጤና፣ በቤቴል፣ በወይራ ሰፈርና በቀራንዮ አካባቢ ባሉት አጥቢያዎቻችን ሕፃናት ለጌታ በሚቀርቡበት ወይም በሚጠመቁበት እሑድ አንድ ነገር አስተውላችሁ ይሆናል። መጋቢው ሕፃኑን ታቅፈው ሲጸልዩ ድምፅ ማጉያው በድንገት ይጮኻል። ሕፃኑም ሁለት እጆቹን ወደ ጎን ዘርግቶ ጣቶቹን ይከፍታል፤ ወዲያው ደግሞ ሰው እንደሚያቅፍ እጆቹን ወደ ደረቱ ሰብስቦ ያለቅሳል። ጉባኤው ፈገግ ይላል፣ እናት ግን ትሳቀቃለች። ቤት ሲደርሱ አያት፣ «ይኼ ልጅ ይበረግጋል፣ የታየው ነገር አለ» ይላሉ። ጎረቤት ዓይን በልቶት ይሆናል ይላል። ከእኛው ወገን ደግሞ መንፈስ ነው፣ ይጸለይለት የሚል አይጠፋም።

ከአምልኮ በኋላ ወጣት እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁን ይህንኑ ስለሆነ የዛሬውን ገጽ ለዚሁ ሰጥተነዋል።

ጤነኛ ሆኖ የተወለደ ሕፃን መበርገግ አለበት። ሐኪሞች አራስ ልጅን ሲመረምሩ የሚፈልጉት እንዲያውም ይህንን ነው። ሞሮ ይባላል። ስያሜው የመጣው በጀርመን አገር በሃይደልበርግ ከተማ የሕፃናት ሐኪም ከነበረውና እ.ኤ.አ. በ1918 ስለዚህ እንቅስቃሴ ከጻፈው ከኧርንስት ሞሮ ነው። እርሱ የጠራው የማቀፍ እንቅስቃሴ ብሎ ነበር፤ ልጁ ሊወድቅ የመሰለው ጊዜ እናቱን ለመያዝ እንደሚዘረጋ አድርጎ አይቶት ነው። ልጅ በአንቀልባ አዝለው ለሚያሳድጉት እናቶቻችን ይህ አባባል እንግዳ አይሆንባቸውም።

እንዲህ ያሉት ሳይታሰቡ በራሳቸው የሚመጡ እንቅስቃሴዎች ሪፍሌክስ ይባላሉ። ሕፃን ሲወለድ አስቦና አቅዶ የሚያንቀሳቅሰው የላይኛው የአንጎሉ ክፍል ገና አልበሰለም። እስኪበስል ድረስ የታችኛው የአንጎል ክፍልና ኅብለ ሰረሰር ቤቱን ይጠብቃሉ ማለት ይቻላል። ጉንጩን በጣት ስትነኩት ጡት ፍለጋ አፉን ወደዚያው ያዞራል። ጡቱን ሲያገኝ ማንም ሳያስተምረው ይጠባል። መዳፉ ላይ ጣታችሁን ብታስቀምጡ ጭብጥ አድርጎ ይይዛል። መዝሙረኛው በመዝሙር 22፥9 ገና በእናቱ ጡት ሳለ በእግዚአብሔር ስለ መታመኑ ሲናገር ይህ ያልተማሩት ዕውቀት ከማን እንደመጣ አልጠፋውም።

የጡት ነገር ከተነሣ ጥቂት እንቆይበት። ሕፃን መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አስማምቶ ማድረግ የሚችለው ከ34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ጡት አልይዝ ቢል እናቱን ጠልቶ ወይም ወተቷ ከፍቶበት አይደለም፤ ይህ አልደረሰለትም። ወተቱ እየታለበ በኩባያ ወይም በቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል፣ ገላው ከእናቱ ገላ ጋር ተጣብቆም ይታቀፋል። ይህ ካንጋሮ የሚባለው አያያዝ በእኛው ከተማ ተፈትኗል። ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት ክብደታቸው ከ2000 ግራም በታች የሆኑ 123 የአዲስ አበባ ሕፃናት ተካተው ነበር። በእናቶቻቸው ደረት ላይ ከቆዩት 62 ሕፃናት 22.5 በመቶ፣ በተለመደው መንገድ ከተያዙት 61 ደግሞ 38 በመቶ ሞተዋል። አባቶችም ደረት አላቸውና እናት ስትደክም ሸሚዛቸውን ከፍተው ቢያቅፉ ነውር አይደለም። ይህን ስንል የሚስቁ ወንድሞች እንዳሉ እናውቃለን፤ ይሳቁ።

በጊዜው ተወልዶ ደህና ሲጠባ የነበረ ሕፃን መጥባት ከተወ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰውነቱ ከዛለ፣ ካልነቀነቁት በቀር የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ዓይኑና መዳፉ ቢጫ ከሆነ፣ ከሰጠቱ በፊት ያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። እንጥሉ ወርዶ ነው ብሎ ወደ እንጥል ቆራጭ መውሰድ ሕፃኑን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ማጋለጥ ነው።

አሁን ወደ መበርገጉ እንመለስ። እነዚህ እንቅስቃሴዎች መምጣታቸው መልካም እንደሆነ ሁሉ በጊዜያቸው መሄዳቸውም መልካም ነው። ሞሮ ከአራት እስከ ስድስት ወር ባለው ጊዜ እየደከመ ይጠፋል። መዳፍን ጨብጦ መያዝም እንዲሁ፤ እጁ ካልተፈታ ልጁ የፈለገውን አንሥቶ የፈለገውን ሊጥል አይችልም። በጀርባው ተኝቶ ፊቱን ወደ አንድ ጎን ሲያዞር የዚያ ጎን እጁ ቀጥ፣ የሌላው እጥፍ ብሎ ቀስት የሚስብ ሰው የሚመስልበት ደግሞ አለ። ይኼኛው እስከ ስድስት ወር ገደማ ካልለቀቀው መገላበጥና እጁን ወደ አፉ ማምጣት ያስቸግረዋል።

አያቶችን በጣም የሚያስደስተው መራመዱ ነው። አራሱን ልጅ በብብቱ ይዘው እግሩን ጠረጴዛ ሲያስነኩት እርምጃ ይሞክራል፣ ቤቱም ገና በሁለተኛው ሳምንት «ወፌ ቆመች» ሊል ይቃጣዋል። በሁለት ወር ገደማ ይህ ሲቀር ልጃችን ወደ ኋላ ሄደ ብለው የሚጨነቁ አሉ። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ኤስተር ቴለን ከባልደረቦቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1984 ባሳተመችው ሥራ መራመድ ያቆሙ ሕፃናትን እግር ውኃ ውስጥ ስታደርገው እንደገና መራመድ ጀመሩ። ውኃው ክብደታቸውን ተሸከመላቸው እንጂ ሌላ አላደረገም። ልጆቹ ጠግበው እግራቸው ወፍሮ ጡንቻቸው ስላልቻለው ነው የቆሙት። ጡት በደንብ የጠባ ልጅ እግሩ ቢከብደው ምን ይደንቃል!

ወላጆች ልብ ሊሉት የሚገባ አንድ አደገኛ ነገር አለ። መበርገግን የሚመስል ግን ያልሆነ ሕመም ነው፤ የሕፃናት ስፓዝም የሚባል የሚጥል በሽታ ዓይነት። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በመጀመሪያው ዓመት፣ በተለይም ከአራት እስከ ሰባት ወር ባለው ዕድሜ ማለትም ሞሮ ሊሄድ በሚገባው ወቅት ነው። ሞሮ ምክንያት አለው፤ በር ሲጋጭ፣ ጭንቅላቱ ወደ ኋላ ሲል ይመጣል፣ አንዴ ሆኖም ያልፋል። ስፓዝሙ ግን ያለ ምንም ድምፅ፣ ብዙ ጊዜ ከእንቅልፍ ሲነቃ፣ በየጥቂት ሰከንዱ እየተደጋገመ ይመጣል። ልጁ ጎበጥ ይላል ወይም ራሱን ይነቀንቃል፣ ፈገግታውንና የለመደውን ነገር ሊተውም ይችላል። በዚህ ጊዜ መዘግየት አንጎሉን ይጎዳል። ሳምንቱን የጾም ጸሎት አድርገን እንየው የሚባልበት አይደለም፤ እየጸለያችሁ ሆስፒታል ሂዱ። በቆላስይስ 4፥14 የተወደደ ተብሎ የተጠራው ሉቃስ ሐኪም ነበር።

ሌሎችም ምልክቶች አሉ። ሲበረግግ አንዱ እጅ ብቻ ከተነሣ በምጥ ጊዜ ትከሻው ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ዓመት ሳይሞላው ሁልጊዜ አንዱን እጅ ብቻ የሚጠቀም ከሆነ ግራኝ ነው ብላችሁ አትለፉት። ስድስት ወር አልፎት ሞሮው እንዳለ ከሆነ፣ ጭብጡ ካልተፈታ፣ አንገቱም ካልጸና ይታይ። ሲወለድ ሳያለቅስ የቆየ፣ ወይም ቢጫነት የበረታበት ልጅ ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ይታይ። ከእነዚህ አንዳንዶቹ በኋላ ሴሬብራል ፓልሲ እንዳለባቸው ይታወቃል፤ ገና በማደግ ላይ ባለ አንጎል ላይ የደረሰ ጉዳት ሲሆን እንቅስቃሴን ያውካል። የሚያድነው መድኃኒት የለም። በፊዚዮቴራፒና በቤት አያያዝ ግን ልጁ መቀመጥን፣ መብላትን፣ መግባባትን በአቅሙ ይማራል፤ ቀድሞ የጀመረም ይጠቀማል። በስልክ የሚዞረው «ሪፍሌክስን በልምምድ የማጥፋት» ትምህርት ግን በቂ ማስረጃ የለውምና ገንዘባችሁን አትክፈሉበት።

ባልና ሚስትን የሚለያየው ብዙውን ጊዜ ሕመሙ ሳይሆን «በማን በኩል መጣ?» የሚለው ጥያቄ ነው። በዮሐንስ 9 ደቀ መዛሙርቱ ይህንኑ ጠይቀው ነበር፣ ጌታም በእርሱም በወላጆቹም ኃጢአት አለመሆኑን ነግሯቸዋል። በእኛው ክፍለ ከተማ በዘነበወርቅ ያለውን አለርት አስቡት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 የሥጋ ደዌን ለማከም፣ ሕሙማንን መልሶ ለማቋቋምና ባለሙያ ለማሠልጠን የተቋቋመ ነው። ያን በሽታ ሕዝባችን የዘር እርግማን ይለው ነበር፣ መንስኤው ጀርም መሆኑ ግን እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ ይታወቅ ነበር። ዛሬ በመድኃኒት ይድናል። እርግማን ነው ተብለው ከቤተሰብ የተገፉት ግን ያን ዘመናቸውን ማንም አልመለሰላቸውም። ዛሬም ጓዳ ተዘግቶባቸው የሚያድጉ፣ እንግዳ ሲመጣ የሚሸሸጉ ልጆች በየጉባኤያችን አሉ። ሽማግሌዎች ቤት ለቤት ስትጠይቁ ስለ እነርሱም ጠይቁ።

እንግዲህ ጥርጣሬ ያላችሁ ወላጆች ከሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ወይም ቤታችሁ ከምትመጣው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ጀምሩ። ሐኪም ፊት ሲደርሱ ልጆች ዝም ይላሉ፣ እናትም በቃል መግለጽ ይቸግራታል። ስለዚህ እንቅስቃሴው ሲመጣ አባት በስልኩ ይቅረጽው፤ የሕፃኑ ፊት፣ ሁለቱም እጆችና እግሮች እንዲታዩ ልብሱ ይገለጥ። በስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከእንቅልፍ ሲነቃ ይሁን ሲጠባ፣ ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ በወረቀት ይጻፍ፤ የክትባት ካርዱም አብሮ ይያዝ።